የሽጉጡ ጭረት

ባሌ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ሆኖ በተመረጠ ዓመት ከወገዳ ገበያ አንድ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዝቶ መጣ። የሸጠለት የእስቴ ነጋዴ ነው። ከወገቡ አይለየውም ነበር፤ አውድማ ላይ ገብስ ስንወቃ እንኳ ታጥቆት ነው። እኔም "በሬዎቹ ቢያምፁብህ ልትተኩስባቸው ነው?" እያልሁ እስቅበታለሁ። በአፈሙዙ ጎን በሚስማር ጫፍ የተጫረ የሚመስል ነገር በረድፍ ነበረበት። ሁለታችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ቁም ነገር ያደረገው ከወንዝ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ነው። ከአብዮቱ በኋላ ወንድሙን መንገድ ላይ አድፍጦ የገደለበት ሰው እስከዚያ ድረስ አልታወቀም። አንድ ቀን ማኅበር ላይ ባሌ ሽጉጡን ለሰው ሲያሳይ እሱም ተቀብሎ አገላበጠውና ፊቱ ተለዋወጠ። እኛ አገር ገዳይ መሣሪያው ላይ በጣለው ሰው ልክ ይጭራል ይባላል።

"ከነዚህ ጭረቶች አንዱ ወንድሜ ነው" አለ። "የማን እንደነበረ ንገረኝ። ካልነገርኸኝ ደመኛዬ አንተ ነህ።"

ሽማግሌ ገባና እስከ ጥምቀት ጊዜ ተሰጠን። ባሌ ከነጋዴ ነው የገዛሁት ቢልም የሚያምነው አጣ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ሽጉጡን ከትራሱ ሥር አውጥቼ ደጅ ፀሐይ ላይ ይዤው ቁጭ አልሁ። አንድ በአንድ ሳየው አንዱ ጎብጧል፣ አንዱ እንደ ቁራ ጥፍር ተቆልምሟል፣ ነጥብም አለ።

"አንተ፣ ና እስቲ እይ" አልሁት። "ሬሳ የሚቆጥር ሰው ዝም ብሎ ይጭራል እንጂ እንዲህ ይጠበባል?"

በማግስቱ ወደ እስቴ ተነሣን። ጎረቤታችንንም "ከኛ አፍ ብትሰማ አታምንም፤ በራስህ ጆሮ ስማ" ብዬ አስከተልሁት። ባሌ "ከሚገድለኝ ሰው ጋር ስንቅ ልካፈል ነው?" ብሎ ተቆጣ። ስንቁን የቋጠርሁት እኔ ነኝ፣ ላሻኝ እሰጣለሁ አልሁት። ነጋዴውን ሱቁ ደጃፍ ላይ አገኘነው። መጀመሪያ አላስታውስም አለ። ድምፄን ከፍ ሳደርግና መንገደኛው ቆም ቆም ማለት ሲጀምር ትዝ አለው። ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ከምትኖር አንዲት አሮጊት ነው የገዛሁት አለን። ከዚያ በኋላ እግሬ መሬት የነካም አልመሰለኝ፤ ሁለቱን ወንዶች ከኋላዬ እያስሮጥሁ ነው ጋይንት የገባሁት።

ቤተ ልሔም ደርሰን የአሮጊቷን ቤት ስንጠይቅ የደብሩ የዜማ ተማሪዎች ጎጆ ዘንድ መምህራቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ገፍቷል። "አርፋለች፤ ምን ፈለጋችሁ?" አሉን። የመጣው ይምጣ ብዬ ሽጉጡን ዘረጋሁላቸው።

"የኔታ፣ እስቲ ይህን ጭረት ይዩልን።"

ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። "ጭረትማ እዚህ ላይ አንዲት ብቻ ናት" አሉ። "ይህ ድፋት ነው። ይህ ቅናት። ይህች ነጥብ ይዘት ናት። የድጓ ምልክት እኮ ነው፣ ልጄ። ድምፁ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ የሚያሳይ።"

ለካ ከዜማ ምልክቶቹ አንዱ ስሙ ራሱ ጭረት ኖሯል። የኔታ ጣታቸውን አፈሙዙ ላይ እያስኬዱ ማዜም ጀመሩ። ከሽጉጥ ላይ ዜማ ሲወጣ ማን ሰምቶ ያውቃል? ተማሪዎቹ ሁሉ ከየጎጇቸው እየወጡ ከበቡን።

መሐል ላይ አቋረጡት። "ይህችን ቦታ አንድ ተማሪዬ ሁልጊዜ ይስታት ነበር። ቃሉን አይረሳም፤ ዜማው ነው የሚያመልጠው። እዚህችው ላይ ስንቴ አስመልሼዋለሁ። አባቱን በመሬት ሙግት ገደሉበትና ትምህርቱን ጥሎ ሸፈተ። በረሃ ሆኖም ዜማው እንዳይጠፋበት ነው የቀረጸው።"

"አሁን የት ነው ያለ?" አለ ባሌ።

"ንጉሡ ሳይወርዱ ወባ ገደለው። ቀብሩ ላይ ያዜምሁለት እኔው ነኝ። ሽጉጡን እናቱ፣ ይህች የጠየቃችኋት አሮጊት፣ ጎተራዋ ሥር ቀብራው ኖራ አምና ሲቸግራት ሸጠችው።"

ሰውየው ከአብዮቱ በፊት አፈር ገብቷል፤ ሽጉጡም ያን ሁሉ ዘመን አፈር ውስጥ ነበር። የጎረቤታችን ወንድም የሞተው ከዚያ ወዲህ ነው። እልልታዬን ለቀቅሁት፤ የኔታ እስኪደነግጡ ድረስ። ሰው ፊት ባልን ማቀፍ ነውር ነው፣ ምን ቸገረኝ፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። ባል ይኖረኛል፣ ከጥምቀት በኋላም ባል ይኖረኛል እያልሁ።

ጎረቤታችንን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ጠጋ አልሁት።

"አንተም ደስ ይበልህ እንጂ፣ ወንድሜ። እጅህ ደም ሳይነካ ቀረልህ።"

"ለእናቴ ገዳዩን አገኘሁት ብያታለሁ" አለኝ። "እህል መቅመስ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።"