የብር ጃንጥላ ለኤግበርት ሳንደር

ሮስቪታ ኪርተን የብር ጃንጥላ የሚባለውን ሽልማት ከልደቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አንድም ቀን ያላከበረችውም ለዚሁ ነው። ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ ሳለ፣ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ውስጥ አንድ የጃንጥላ ነጋዴ ዕቃው አልሸጥ ሲለው ለቴሌቪዥን አዝናኞች ሽልማት ፈጠረ። የመጀመሪያው ዝግጅት የተደረገው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር፤ ሮስቪታ በሩ ላይ የእንግዳ ካፖርት ትቀበል ነበር። ተሸላሚው ሲወጣ ዝናብ ያዘውና ብር የተቀባውን ጃንጥላ ሊዘረጋ ታገለ። እምቢ አለው።

ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ጃንጥላው ወርቅ ተቀባ፤ ስሙ ግን ብር እንደሆነ ቀረ። የግል ጣቢያዎች ሲበዙ ደግሞ ማንም እንዳያኮርፍ የሽልማት ዓይነት ፈላ፤ ምርጥ አዝናኝ፣ ተስፋ የተጣለበት አዝናኝ፣ ጠፍቶ የተመለሰ አዝናኝ። እንደ ሠርግ ቤት ሳይጎርስ የሚወጣ የለም።

በዚያ በመጀመሪያው ዝግጅት አንድ ቀጭን ሰው ካፖርት ሊወስድ መጣ።

"ይሄ ይሰፋሃል እኮ፤ ያንተ ነው?" አለችው።

"የጌታዬ ነው። የኔ ቀልዱ ብቻ ነው።"

ቪሊበርት ነበር። ጌታው ኤግበርት ሳንደር ቅዳሜ ቅዳሜ አገሩን በሳቅ ይገድላል፤ ቀልዱን የሚጽፍለት ግን ቪሊበርት ነው። ሮስቪታ አገባችው። ዕድሜ ልካቸውን እሷ ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ እሱ የቅዳሜውን ቀልድ ያነብላታል። ከሳቀች ይሰርዘዋል። "አንቺማ በምኑም ትስቂያለሽ!" ይላታል። ሳንደር ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ ሲደርብ የቪሊበርትን ስም አንዴ እንኳ አላነሳም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ ሳንደርን ግን አድምቆት ኖረ። ቪሊበርት ሲሞት አበባ ላከ፤ ሪባኑ ላይ "ለቪልፍሪድ" ይል ነበር።

ጡረታ ስትወጣ ሮስቪታ እዚያው ሽልማት ላይ የልምምድ ሥራ ያዘች። ከዝግጅቱ በፊት ካሜራና መብራት የሚስተካከለው በታዋቂዎቹ ፈንታ በተቀመጡ ተራ ሰዎች ነው፤ ስም ሲጠራ ይነሳሉ፣ የካርቶን ጃንጥላ ይቀበላሉ፣ ያመሰግናሉ። በዝግጅቱ ጊዜም አንዱ ታዋቂ ሽንት ቤት ሲሄድ ወንበሩ ባዶ እንዳይታይ ይቀመጡለታል።

ዘንድሮ የዕድሜ ልክ ሽልማቱ ለሳንደር ሆነ። በልምምዱ እሱን የምትተካው ሮስቪታ ሆነች። የባሏ ስም በዚያ መድረክ ላይ አሁን ካልተጠራ ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ገባት።

"ወይዘሮ ኪርተን፣ የፈለጉትን ይበሉ፤ እኛ መብራቱን ነው የምናየው" አላት የመድረኩ መሪ።

ተናገረች። ስለ ድንቹ፣ ስለ ቀልዱ፣ ስትስቅ ስለሚሰረዘው ነገረቻቸው። "ይህ ጃንጥላ የቪሊበርት ኪርተን ነው" ብላ ጨረሰች። መብራት የሚያስተካክሉት ሰዎች ሥራቸውን ትተው አጨበጨቡ። የሳንደር ረዳት እየሮጠች መጣች።

"ውይ፣ ሆዴን አባቡት እኮ! ለአቶ ሳንደር ልንገራቸው?"

"ንገሪው እንጂ! ለማን ብዬ ነው ታዲያ?"

ዝግጅቱ ላይ ሮስቪታ ለጊዜው ወጣ ባለች ዘፋኝ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሳንደር መድረክ ወጥቶ ድምፁን አለሰለሰ።

"ቀልዴን ጽፌ ለማን እንደማነብ ታውቃላችሁ? ለእናቴ! እሷ ድንች ትልጣለች፣ እኔ አነባለሁ። ከሳቀች እሰርዘዋለሁ።"

አዳራሹ እንባ በእንባ ሆነ። የሳንደር እናት ባለ ሆቴል ነበረች፤ ቢላ ይዛ ያያት የለም። ሮስቪታ ያም ሆኖ አሁን የቪሊበርትን ስም ይጠራል ብላ ጠበቀች። እሱ ጃንጥላውን ከፍ አደረገ።

"ይህ ጃንጥላ የእናቴ ነው!"

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ከሟቹ የዘረፈው አልበቃው ብሎ የሚስቱንም ሐዘን ወሰደ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

"ተነሺ እንጂ!" አለቻት አጠገቧ ያለች በጌጥ የተንቆጠቆጠች ተዋናይት። "ካሜራው እኛ ላይ ነው!"

"ድንቹን የላጥኩት እኔ ነኝ" አለች ሮስቪታ። አልተነሳችም።

በሳምንቱ የቴሌቪዥን መጽሔቱ በቆመው ሕዝብ መሐል የተቀመጠችውን አሮጊት ፎቶ አወጣ። ከሥሩ "ስሜቷ አሸንፏት መነሳት ያቃታት የሳንደር አድናቂ" ይላል። ከጎኑ ሳንደር ጃንጥላውን ታቅፎ ፈገግ ብሏል።

ሮስቪታ አነበበችው። አልሳቀችም። ገጹን ገንጥላ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አነጠፈችና፣ ልጣጩን በሳንደር ፊት ላይ እየጣለች የምሳዋን ድንች መላጥ ጀመረች።