አራቱም ጫማዎቿ

ሽማግሌዎቹ ለዳዊት ስለ እኔ ምን ብለው ነገሩት? ይህን ለዓመታት ሳስበው ኖሬአለሁ።

ዳዊት የስድስት ኪሎ የክፍል ጓደኛዬ ነው። አንድ እሁድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ፣ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። አባቴ ግን አሮጌ ፒክአፓችንን የሚገዛ ሰው ይጠብቅ ነበር።

«ለልጃችን ቤትዎ ያለችውን ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ጠዋት ጠዋት ታስላለች፤ ዘይትም ትጠጣለች» አለ አባቴ። «ዳገት ግን አትፈራም። አራቱንም ጫማዋን ቀይሬላታለሁ።»

አባቴ ጎማን ጫማ ነው የሚለው።

«አራቱንም?»

«ልጁ ወስዶ እስከ እንጦጦ ይሞክራት። ካልወደዳት ይመልሳት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሁሉንም ብሰማም ወጥቼ ለማስረዳት አፈርኩ።

ፒክአፗ አልተሸጠችም፤ ሞተሯም እስከ ዛሬ ለጥገና አልተከፈተም። ዳዊትም አላገባም አሉ። ነገ ፒክአፗን አስነስቼ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር እቤቱ ልሄድና፣ እኔም እሷም ገና ዳገት እንደምንወጣ ልነግረው ወሰንኩ።