ዝም ያለው ጋን

ኢፍቱ ጠላ የሚባል ነገር ከንፈሯን ነክቶት አያውቅም። አባቷ ሁሩታ ላይ የታወቁ የጴንጤ ሽማግሌ ናቸው፤ ድግስ ባለበት አጥር ሲያልፉ እንኳ እርምጃቸውን የሚያፈጥኑ። እንግዲህ አዳማ ላይ የሚካኤልን ማኅበር ጠላ እጠምቃለሁ ብላ ቃል የገባችው ይቺው ልጅ ናት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ብላዋለች፣ ማን ይመልስላት?

ባሏ ኪሩ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት ሲገባ እንግዳ ነው። እሷ የምትኖረው ከእናቱ ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ጋር ነው። ሴትዮዋ ከመንዝ የመጡ፣ ጽዋቸውን አንድም ዓመት አስተጓጉለው የማያውቁ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ልጃቸው ጴንጤ ማግባቱን አልወደዱትም፤ አልደበቁትምም። በመልሱ ዕለት ኢፍቱ ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ብትዘረጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ያ ሁሉ ዘመድ እያየ! ከዚያ ወዲህ የሠራችውን ወጥ ራሳቸው ጨልፈው ይበላሉ እንጂ ከእጇ ጎርሰው አያውቁም። ኢፍቱን ይኼ ያንገበግባታል፤ ለኪሩ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ዘንድሮ ማኅበሩን የመደገስ ተራቸው ሲቃረብ ወይዘሮ ሸዋወርቅ እርጥብ ወለል አዳልጧቸው ጭናቸው ተሰበረ። ሊጠይቁ ከመጡት መካከል የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ማስረሻ ነበሩ፤ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፣ ወግ አጥባቂ ሰውዬ። ለዘንድሮ ተራው ወደ ሌላ ይተላለፍ አሉ። እሱ አልበቃ ብሏቸው፣ ለነገሩ ከእርስዎ በኋላ ጽዋው ከዚህ ቤት መውጣቱ አይቀርም፣ ማን ይጠምቀዋል ብለው ጨመሩበት። የወይዘሮ ሸዋወርቅ ያ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፤ ብርድ ልብሱን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ሻይ ይዛ የገባችው ኢፍቱ ይህን አይታ ትሪውን አስቀመጠች።

«እኔ እጠምቀዋለሁ» አለች።

ጋሽ ማስረሻ ሳቃቸውን እንደ ሳል አደረጉት። እሳቸው ሲወጡ አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ምራታቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ካበላሸሽው፣ አሏት፣ ጽዋው ከቤቴ ወጣ ማለት ነው፤ ይኼን አውቀሽ ግቢበት።

ገባችበት። ገብሱን ከእናቷ ከሁሩታ አስላከች። እናትዬው ለበሶ መስሏቸው ምርጡን ነጭ ገብስ ላኩላትና በደወሉ ቁጥር በሶው ጣፈጠ ወይ ይላሉ። እሷ ገና እየተዘጋጀ ነው ትልና ያልባታል።

ጥያቄዋ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ጌሾው ምን ያህል ነው? በእፍኝ። በማን እፍኝ፣ በእርስዎ ወይስ በእኔ? ብቅሉ መቼ ይገባል? ሲደርስ። መድረሱን በምን አውቃለሁ? ወይዘሮ ሸዋወርቅ ትራሳቸው ላይ ተገላበጡ። ቀምሰሽ ነዋ አሉ። ኢፍቱ እንደማትቀምስ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። 

«እንግዲያው በጆሮሽ ታውቂዋለሽ» አሉ አሮጊቷ። «የደረሰ ጥንስስ ይናገራል።»

ጋኑ ከመንዝ አብሯቸው የመጣ የእናታቸው ጋን ነው። ኢፍቱ ባትሪ አብርታ ውስጡን ብታየው ጥቁር ብሏል። ወይ ጉድ፣ ስንት ዓመት ሳይታጠብ ኖሯል ብላ ተጸየፈችው። ሳሙና አምጥታ ፈተገችው፤ አልበቃትም፣ በረኪና ደፋችበት። ያ ጥቁረት የዘመናት የወይራ ጢስ መሆኑን ማን ይንገራት? ነጣ ሲልላት ደስ ብሏት ጌሾውንና ብቅሉን ከውሃ ጋር አዋሕዳ ጠነሰሰች፤ አፉን አሥራም ጆሮዋን አስጠግታ ጠበቀች። ጋኑ ዝም አለ። በማግስቱም ዝም።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከአልጋ መነሣት አይችሉምና አንድ ዘዴ ዘየዱ። ከጓዳ ደውዪልኝና ስልኩን ጋኑ አፍ ላይ አድርጊው አሏት። ደወለች፤ ስልኩን አስጠጋች። ከጋኑ ምንም አልወጣም። የሚሰማው የጎረቤት ባጃጅ ብቻ ነበር።

«ጋኑን በምን አጠብሽው?» አሉ በስልኩ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ብቅሉ ነው፣ ሙቀቱ ነው ብትል ማን ያያል? ኢፍቱ ግን፣ በበረኪና፣ አለች። ስልኩ ተዘጋ።

አሁን ይጮኻሉ ብላ ብትገባ አሮጊቷ አልጮኹም። ጣራ ጣራውን እያዩ፣ የእናቴ ጋን ነው አሉ፣ ያንን ብቻ። ከስድብ የባሰው እሱ ነው። ኢፍቱ በሩ ላይ እንደ ቆመች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ዞረው አዩዋት፤ ለቅሶ ጋን አያጥብም፣ ሂጂና ድፊው፣ በውሃ ሙዪው፣ ገልብጪው፣ እንደገና ሙዪው አሏት። ሽታው ሲለቅ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ በግራዋ ቅጠል ይታሽ፤ በወይራ ይታጠን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዳንቺ ነው ማለታቸውንም አልተዉም።

አደረገችው። እጇ ተላጠ፣ ዓይኗ በጢስ ቀላ፤ ያ አጥፍታው የነበረውን ጥቁረት በገዛ እጇ መለሰችው። ግን ጊዜው አልቋል፤ ጥንስሱ በቶሎ ካልተነሣ ማኅበርተኛው ባዶ ጋን ሊያገኝ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አሁንም ዝም ቢልስ ብላ ሰጋች፤ እንደገና ስትጠነስስ ከታዘዘችው በላይ አንድ ጭብጥ ጌሾ ደብቃ ጨመረች። ያንን ለማንም አልተናገረችም።

ሰው ሁሉ የሚረግመው የአዳማ ሙቀት ለአንዴ ጠቀመ። በማግስቱ ጠዋት ጓዳ ስትገባ ጋኑ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እየሮጠች ደወለች። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ብዙ አዳመጡ። እሰይ አላሉም፤ ስልኩንም ቶሎ አልዘጉትም።

ጥንስሱን በገብሱ አሻሮ ደፍድፋ ጠላውን አዘጋጀች፤ የማኅበሩም ቀን ደረሰ። አልጋው ወደ ሳሎን ወጥቶ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ቄሱ ባርከው ዳቦው ተቆረሰ። ኢፍቱ ጠላውን በማንቆርቆሪያ ይዛ፣ ከአልጋው አጠገብ ወደተቀመጡት ወደ ጋሽ ማስረሻ ብርጭቆ ጎንበስ አለች። ጋሽ ማስረሻ ብርጭቋቸውን በእጃቸው ከደኑት።

«የጠመቀ ቀምሶ ነው የሚያቀርበው፣ ልጄ» አሉ። «ወጉ ነው።»

ይህን ማንም አልነገራትም። ወይዘሮ ሸዋወርቅም ለዓመታት ራሳቸው ከመዳፋቸው እየቀመሱ ሲያቀርቡ ስለኖሩ ትዝ አላላቸውም።  እንቢ ብትል ጠማቂዋ ራሷ የተጸየፈችው ጠላ ይባላል፤ ጽዋውም ይወጣል። ብትቀምስ ደግሞ አባቷ ባያዩ ያመነችው አምላክ ያያታል። እዚያ ቤት ውስጥ ይህን የሚረዳላት ሰው ያለ አልመሰላትም። ግራ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ትንሽ ጠላ ጠብ አደረገች። ጠላው በጣቶቿ መሐል እየሾለከ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ወደ አፏ አነሣችው።

ከአልጋው በኩል አንድ እጅ መጥቶ የእጇን አንጓ ያዘ። የአሮጊት እጅ ነው፤ ግን አጥብቆ ይዟል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ የተሰበረ ጭናቸው እየጠዘጠዛቸው ወደፊት ሳብ አሉና መዳፏን ወደ ራሳቸው ጎተቱት፤ አፋቸውን ገጥመው ከእጇ ላይ ጠጡት፣ አንድ ጠብታ ሳያስቀሩ።

 አሮጊቷ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ጌሾ በዝቶበታል» አሉ። ከዚያ አንጓዋን ሳይለቁ፣ «ቅጂላቸው» አሏት።

ጋሽ ማስረሻ እጃቸውን ከብርጭቆው ላይ አነሡ።