እትዬ የሺ፣ የታምፓዎቹ እንግዶችና የእኔ ጉራ

"እትዬ የሺ አረፉ" የሚለውን መልእክት ጠዋት ግሩፓችን ላይ ሳየው ሰው ተሳስቶ የላከው መሰለኝ። ትናንት እኮ አውርተናል። ስልካቸው ላይ ደወልኩ። እህታቸው አነሱት። "ሃሎ" ሲሉ ከድምፃቸው ገባኝና ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ይሄንን የምጽፈው ከመኪናዬ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ እየተመላለስኩ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።

ለማታውቋቸው፣ እዚሁ ሊቶኒያ ከተማ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው ጎረቤቴ ነበሩ። ኬኔሶ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ሃሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ግን ሌላ ሥራ ነበራቸው። ከፍሎሪዳና ከሳቫና ሸሽቶ ለሚመጣው ሰው ማደሪያ ይፈልጋሉ። የማን ምድር ቤት ባዶ እንደሆነ፣ የካውንቲው አስተዳደር የከፈተው መጠለያ ሕፃን ለያዘ ሰው ይመች እንደሆነ፣ የትኛው ቤተክርስቲያን፣ የትኛው መስጊድ ፍራሽ እንዳለው በቃላቸው ያውቃሉ። ምሳ ሰዓታቸው ላይ ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "አንድ ውለታ ዋልልኝ" ብለው ነው የሚጀምሩት።

የእኛን ሰው ይሉኝታ ደግሞ ጠንቅቀው ያውቁታል። አንድ ጊዜ ከሳቫና የመጡ ባልና ሚስት ማደያ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናቸው ውስጥ ሁለት ቀን አድረው አገኘናቸው። "ዘመድ ጥየቃ መጥተን ነው፣ አታስቡ" አሉን። የምን ዘመድ ልል ስል እትዬ የሺ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"እንግዲያው እናንተን እግዜር ነው ያመጣልኝ" አሏቸው። "ሮዝዌል አንድ ጓደኛ አለችኝ። ብቻዋን ናት፣ ንፋስ ትፈራለች። እስከ እሁድ አብራችኋት ብትሆኑልኝ?"

ሰዎቹ ወዲያው እሺ አሉ። መኪና ውስጥ ስንገባ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"ምን ያስቅሃል? እንርዳችሁ ብያቸው ቢሆን እኮ እስካሁን መኪናቸውን አስነስተው ሄደዋል" አሉኝ።

ብልሃታቸውን በዓይኔ አይቼዋለሁ ማለት ነው። ይሄንን ያዙልኝ።

የእኔን ታሪክማ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስንት ሰርግ፣ ስንት ክርስትና ላይ አውርቼዋለሁ። የፍሎሪዳው ትልቁ ሃሪኬን ጊዜ ነጂብን፣ ሚስቱን፣ እናቱንና ሁለት ልጆቹን ከታምፓ ተቀብዬ ዘጠኝ ቀን ቤቴ አስተናገድኩ።

የማላወራው ክፍል አለ። ያኔ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ዳላስ ከሄደች ሁለት ወሯ ነበር። ኡበር መንዳት ትቻለሁ። መጋረጃ አልከፍትም፣ ስልክ አላነሳም። ምን አስብ እንደነበር እዚህ አልጽፈውም፤ ጥሩ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ የሺ በሩን ደበደቡት። እስክከፍት አላቆሙም።

"አንድ ውለታ ዋልልኝ። ሰዎች መንገድ ላይ ናቸው፣ ሁሉም ቦታ ሞልቶብኛል። ሙስሊሞች ናቸው፣ ያንተ ስጋ እንዳይነካካባቸው ፍሪጁን ባዶ አድርገህ እጠበው።"

እየተነጫነጭኩ አጠብኩት። ባለቤቴ ትታው የሄደችው ወጥ ከነሳህኑ ሻግቶ አገኘሁት፤ ከነሳህኑ ጣልኩት። አንሶላ ቀየርኩ። ሰዎቹ ሲደርሱ የነጂብ እናት ኩሽናዬን ተረከቡ፣ ልጆቹ መጋረጃውን ገለጡት። በሦስተኛው ቀን እናትየው "ካልበላህ እኛም አንበላም" ብለው ሳህኑን ከፍተው ጠበቁኝ፤ በላሁ። ከዚያ ለትንሿ ልጅ ዳይፐር ልገዛ መኪናዬን አስነሳሁ፤ ባትሪው ሞቶ ኖሮ ነጂብ ነው በሱ መኪና ያስነሳልኝ። በሄዱ ማግስት ሥራ ገባሁ።

ዛሬ ነጂብ ከታምፓ ደወለ። እያለቀሰ ነው።

"እሳቸው እያሉ እንዳልናገር ቃል አስገብተውኝ ነበር፤ አሁን ልንገርህ" አለኝ። "እኛ እኮ ሮዝዌል ሆቴል ነበረን። ራሳቸው ናቸው ያገኙልን፤ ቡክ አድርገን፣ ከፍለን ነው የወጣነው። ግማሽ መንገድ ላይ መልሰው ደወሉና ካንስል አድርጉት አሉን። ‘ሊቶኒያ አንድ ልጅ አለኝ፣ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል፣ እየበላም አይመስለኝም። እኔን አላስገባም ብሎኛል። እናንተን ግን እንግዳ ስለሆናችሁ አይመልሳችሁም’ አሉን። እናቴ ናት እንሂድለት ያለችው።"

መኪናዬን ተደግፌ ቆምኩ።

ስንት ዓመት ሙሉ ጉራዬን ስነዛ እትዬ የሺ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው "እውነቱን ነው፣ ይሄ ልጅ ባይኖር ምን እሆን ነበር" ይሉ ነበር። ፈገግታቸው ውስጥ አንድም ነገር አላየሁም። ሌላውን ሲያግባቡ አብሬያቸው ሆኜ የሳቅኩት ሰውዬ ራሴ ላይ ሲደርስ አልነቃሁም። አፍሬያለሁ። ደግሞም በሕይወቴ እንደዚህ የተወደድኩ አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት ልሄድ ሦስት ጊዜ ሞተር አስነስቼ አጥፍቻለሁ።

እትዬ የሺ፣ እስከ ዛሬ አንቱ ስልዎ ኖርኩ፤ አሁን እንደ እናቴ አንቺ ልበልሽ። ሳላመሰግንሽ ሄድሽብኝ። ባመሰግንሽም "ኧረ አንተ ነህ እንጂ" ብለሽ ታልፊኝ ነበር። ሰው ሁሉ ማረፊያ እስኪያገኝ አንቺ ቆመሽ ኖረሻል፤ ይብቃሽ፣ አሁን አረፍ በይ። ደህና ግቢ እናቴ።

ከእንግዲህ ታሪኩን አውራ ሲሉኝ፣ በዚያ ሃሪኬን ማደሪያ ያጣው ሰው እኔ ነበርኩ፣ እትዬ የሺ ፈልገው አገኙልኝ እላለሁ።