«ወረደ» ብላ የሮጠችው ጠብታ

ባለፈው ወር የቀበርናትን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሁላችንም ጠብታ ነበር የምንላት። ቁመቷም አጭር፣ ሥራዋም በጠብታ ደም ስለሆነ ስሙ ልክ መጣላት፤ እሷም ወደደችው። እኔ የምሠራበት የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ከክፍሏ ፊት ለፊት ነው፤ ሳቋን እየሰማሁ ሠርቻለሁ። ስለ ሞቷ ሌሎች ተናግረዋል። እኔ የምጽፈው ስለ ሮጠችበት ቀን ነው፤ እስካሁን ሳስበው ልቤ ይዘላል።

ዝናቡ አባርቶ ትንኙ የበዛበት ሰሞን ነበር። ትንኙ የሚያስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት ሰፈሩን ሁሉ አልጋ ላይ ጥሎታል። አስቸጋሪው ነገር መጀመሪያ ላይ ሁሉም በሽተኛ አንድ መምሰሉ ነው። ሁሉም ያተኩሳል፣ ሁሉንም ይቆረጣጥማል። አብዛኛው ተኝቶ ይድናል፤ ጥቂቱ ግን ልክ ትኩሳቱ ሲለቀው የደም ሥሩ ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምርና ይዝለፈለፋል። ጠብታና የውስጥ ደዌ ሐኪሙ እነዚህን ጥቂቶች ቀድሞ መለየት ፈለጉ። የደም ሥር ከውስጥ ሲጎዳ የሚለቀው አንድ ፕሮቲን አለ፤ ከመጀመሪያው ቀን ደም እየለኩ በኋላ ማን እንደሚጠናበት ይጠቁም እንደሆነ ያጠኑ ነበር።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ትኩሳት የያዛትን ልጁን ይዞ መጣ። የልጅቱ ፕሮቲን ከሁሉም በልጦ ወጣ። ጠብታ መሣሪያውን ተጠራጥራ ደገመችው፤ ያው ነው። ሐኪሙ ጥናቱ ባያልቅም ይህችን ልጅ ወደ ቤት ለመስደድ አልደፍርም ብሎ አስተኛት፤ ደሟም ጠዋት ማታ እንዲታይ አዘዘ። አባትየው አልተዋጠለትም። ጠብታን ባገኛት ቁጥር ይነካካታል፦ «ትንኟ እንኳ አንዴ ነክሳ ተወቻት፤ አንቺ ግን አልጠግብ አልሽ።»

አንድ ቀን ጠዋት የልጅቱ ትኩሳት ለቀቃት። የዚያን ጠዋት ደሟ ሲታይ ግን ደም የሚያረጋው ፕላትሌት አሽቆልቁሏል፣ ፈሳሹ ከደም ሥሯ እየወጣም ደሙ ወፍሯል። ፕሮቲኑ ቀድሞ ያመለከተው ይሄንን ነበር። ጠብታ ወደ ተኝቶ መታከሚያው ደወለች። በስልክ ቃል ማሳጠር ልማዳችን ነውና «የዘበኛው ልጅ፣ ወረደ» አለች።

«ተመስገን» አለ የወንድ ድምፅ፤ ስልኩ ተዘጋ።

እንደቆመች ቀረች። ፕላትሌት ወረደ ሲባል ተመስገን የሚል ነርስ የለም። ለካ ነርሷ ሌላ በሽተኛ ይዛ ነበር፤ ስልክ ሲጮኽ ማንሳት የለመደው ዘበኛ አንስቶታል። ለእሱ ደግሞ የሚወርድ ነገር ቢኖር ትኩሳት ብቻ ነው።

ጠብታ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። አልጋው ባዶ ነው። ግቢውን አቋርጠን ዋናው በር ስንደርስ የዘበኛው የሥራ ባልደረባ ወለል አድርጎ ከፍቶለታል፤ አባትና ልጅ ታክሲ ውስጥ ገብተዋል። ጠብታ ታክሲው ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ይዘዋት ይውረዱ።»

«ወረደ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ደሟን ነው ያልኩት፣ ትኩሳቱን አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በኋላ እንደፈለጉ ይስደቡኝ።»

«ቀዝቅዛለች እኮ ልጄ፤ ድናለች።»

«እጇን ይንኩት።»

ነካው። በላብ ርሷል፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ልጅቱም ዓይኗን መግለጥ ተስኗት ትከሻው ላይ ተደግፋለች። ተሸክሟት ሮጠ፤ በዕድሜው እንዲያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር።

አልጋ ላይ ስትደርስ የደም ግፊቷ እጅግ ዝቅ ብሎ ሊለካ አልቻለም። ሐኪሙ ግን ፕሮቲኑን ካየ ጀምሮ ግሉኮሱን አዘጋጅቶ ነበርና ወዲያው ተተከለላት። ጠብታ ናሙናውን ራሷ እየወሰደች፣ ራሷ እየለካች ተመላለሰች። ቀስ በቀስ ደሙ መቅጠን ጀመረ፤ የልብ ምቷም ለጣት ተሰማ።

ወደ ማታ ልጅቱ አባቷን ጠጋ በል ብላ በጆሮው አንሾካሾከች። እሱም አፍሮ፣ ሽንቷ መጥቷል ብሎ ለነርሷ ነገራት። ነርሷ ጮክ ብላ ለሐኪሙ ነገረችው፤ ሐኪሙ አጨበጨበ። ዘበኛው ግራ ተጋብቶ በሽንት እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ጠብታ ኩላሊቷ ደም አገኘ ማለት ነው ብላ ልታስረዳው ጀመረችና ሳቋ አላስጨርስ አላት፤ ፖፖውን ልታመጣ ሮጠች።