ስድስት መቶ ገብቶ ሁለት መቶ አርባ የወጣበት ቧንቧ

የትኩስ ጥጥና የሳሙና እንፋሎት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ዛሬም ድረስ አብሮት የአንዲት ሴት ድምፅ ይመጣል። «ሁለት መቶ አርባ!» ትላለች። ከግድግዳው ማዶ የቦይለር ሠራተኛው በማሽኑ ጉርምርምታ ተውጦ «ስድስት መቶ!» ይላታል። እሷም ወደ መለኪያዋ ጎንበስ ብላ ዳግመኛ ታያለች። ያ ዳግመኛ ማየቷ ነበር የሚያስፈራን።

የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነበር። እኔ አጣፊ ነበርኩ። ባለ ድምፅዋ ሴት የማጠቢያ ክፍሉ ተቆጣጣሪ ስትሆን፣ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁላችንም «ሁለቴ» ነበር የምንላት። በሩን ቆልፋ ጥቂት ትራመድና ተመልሳ ትገፋዋለች። የስኳሩን ቆርቆሮ ክዳን ታጠብቅና እጇን ሳታነሳ ዳግመኛ ታጠብቀዋለች። እንደምን አደርሽ ያላት ሰው እንኳ ምን ፈልጎ እንደሆነ ቆም ብላ ታየዋለች። ክፉ ሆና አይደለም። ገና በልጅነቷ እናቷ ሞታባት ታናሽ ወንድሟን አዝላ ያሳደገች ሴት ናት፤ እንዲያ ያደገ ሰው አንድን ነገር አንዴ አይቶ ማመን አይሆንለትም።

ያ ወንድሟ አድጎ፣ በእሷው ዋስትና እዚያው ቤት አንሶላ ተኳሽ ሆኖ ገባ። የሚኖረውም እሷ ዘንድ፣ በጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ከአንሶላ ተራራ ሥር ቀና ብሎ የማያውቅ፣ ቀልዱም ሥራውም ለስለስ ያለ ሰው ነበር። መተኮሻ ክፍሉ እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ ተኳሾች ሁሉ ማታ ሲወጡ በክፍላቸው የኋላ በር ላይ ካለው ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር ጭንቅላታቸውን ይደቅናሉ። እሱም እንደዚያው ፀጉሩን አርጥቦ ነበር ቤት የሚገባው።

አሁን ስለ ቁጥሮቹ ልንገራችሁ። በእኛ ዘመን መማሪያ መጽሐፍ «የመጠነ ቁስ ፍሰት እፍግታ» ይባል የነበረ ነገር አለ፤ ስሙ ከረዘመ በቀር ነገሩ ቀላል ነው። ውሃው በሚሮጥበት መንገድ ላይ አንዲት ካሬ ሜትር መስኮት እንደተከፈተች አስቡ። በአንድ ሴኮንድ በዚያች መስኮት ስንት ኪሎ ውሃ ያልፋል? መልሱ እሱ ነው። ቧንቧው ከመስኮቷ ቢጠብም ግድ የለም፤ ሩብ ኪሎ ለሚገዛ ሰውም ዋጋው በኪሎ ይነገረው የለ?

የሞቀው ውሃ ከቦይለር ክፍል ይነሳና በመተኮሻ ክፍሉ አልፎ ማጠቢያ ክፍል ይገባል። በሁለቱም ጫፍ ይህን ፍሰት የሚለካ ጌጅ አለ። የቦይለር ሠራተኛው የራሱን ያነብና ቁጥሩን በግድግዳው በላይ ይጮኸዋል፤ ሁለቴም የእሷን ትመልሳለች። ለዓመታት ስድስት መቶ ሲል ስድስት መቶ ትለዋለች። በዚያ ጫጫታ ማን ትርፍ ቃል ይጮሃል? ቁጥር ብቻ ነበር የሚጠራው።

አዲሱ ማጠቢያ ማሽን ሲተከል በእሷ በኩል ያለው ጌጅ ተቀየረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ስድስት መቶ ይላል፣ እሷ ሁለት መቶ አርባ። ከግማሽ በላይ የሆነ ትኩስ ውሃ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ቧንቧው ደግሞ የሚያልፈው በአንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ወንድሟ ማታ የመጨረሻ ሆኖ በሚወጣበት መተኮሻ ክፍል።

ሁለቴ ነገሩን በሆዷ ያዘችው። ወንድሟ ሲገባ ፀጉሩን ታያለች፤ ሲተኛ ሸሚዙን አንስታ ታሸታለች። በትኩስ ውሃችን ከውጭ የሰው ልብስ እያጠበ ይሆን? ማን አስገብቶለት? እኔን ሳይቀር የመተኮሻ ክፍሉን በር ማን ማን እንደሚያንኳኳ ጠየቀችኝ። አላውቅም ስላት ፊቷ ቅጭም አለ፤ ከእሱ ጋር የዶለትኩ መሰላት። በመጨረሻ ራሷ ሄዳ ለኃላፊው ነገረችው። ውሃ የሚጠልፍ ቅጥያ ቧንቧ ከተገኘ ልጁ ከሥራ እንደሚባረር ኃላፊው ነገራት። «ከእኔም ቤት ይወጣል» አለችው።

ቅጥያውን እንዲፈልግ ቧንቧ ሠራተኛው ተጠራ፤ አዲሱን ማሽን የተከለውም እሱ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ግድግዳውን ተከትሎ እያንኳኳ ዳር እስከ ዳር ሄደና ባዶ እጁን ወደ ቢሮው መጣ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ፣ ሁለቴ ቁምሳጥኑ አጠገብ፣ ወንድሟ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ሥር ነበሩ። እኔም የታጠፈ ፎጣ ታቅፌ እንደገባሁ መውጫ አጥቼ ቀረሁ።

ቅጥያም፣ ጠብታም እንደሌለ ነገራቸው።

«ታዲያ ስድስት መቶው የት ገባ?» አለች ሁለቴ።

«ስድስት መቶ ምን?»

«ምን ማለት ምን? ስድስት መቶ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ስድስት መቶ በግ ነው፣ ስድስት መቶ እንቁላል?»

ሽማግሌው ሁለቱንም ጌጅ በአውራ ጣቱ ጠርጎ ማንበቡን ነገራት። ከመርፌዎቹ ሥር ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። የቦይለሩ በካሬ ሜትር በሴኮንድ ኪሎ ይላል፤ የእሷ ግን በካሬ ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ ግራም።

ሁለቴ እድፍ የምታመለክትበትን ጠመኔ አወጣችና በቁምሳጥኑ የብረት በር ላይ ሒሳቡን ጀመረች። አንድ ካሬ ሜትር ውስጥ አሥር ሺህ ካሬ ሴንቲ ሜትር አለ፤ ስለዚህ በአሥር ሺህ ይባዛል። ግራሙን ኪሎ ለማድረግ ደግሞ ለሺህ ይካፈላል። ተጣፍቶ የሚቀረው አሥር ነው። ሁለት መቶ አርባን በአሥር አባዛች፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ። ዳግመኛ ሠራችው። ያው ሁለት ሺህ አራት መቶ።

ኃላፊው ወደ ወንበሩ ተደገፈ። «እንግዲህ ስድስት መቶ ገብቶ ሁለት ሺህ አራት መቶ ወጣ። ወንድምሽ ሌብነቱን ትቶ ምንጭ ሆኖልሻል።»

የሁለቴ ዓይን ከበፊቱ ይልቅ ጠቦ ወደ ወንድሟ ዞረ። በዚህ መሐል ቧንቧ ሠራተኛው ከቦርሳው ሁለት ቁራጭ ቧንቧ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ትልቁ በቦይለር በኩል ካለው የተቆረጠ ነው። ትንሹ ማሽኑን ሲተክል ማጠቢያ ክፍል ካስገባው የተረፈ ነው፤ የተተከለው ሙቀት እንዳያመልጥ በጨርቅ ስለተጠቀለለ ከውጭ ለሚያየው ከትልቁ አይለይም። የአፉ ወርድ የትልቁን ግማሽ እንደሚሆን አሳያቸው። ኃላፊው ለሁለት አካፍሎ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አገኘና አሁንም አልገጠመም አለ።

ሁለቴ ካቀፍኩት ፎጣ አንዱን መዘዘች። ዘርግታ በወርዱ አጠፈችው፤ ቀጥላ በቁመቱ አጠፈችው። የያዘችውን ትንሽ አራት ማዕዘን ድርቦች በጣቷ ቆጠረች።

«ሩብ» አለች። ቧንቧውም በዚህም በዚያም ግማሽ ከሆነ፣ የአፉ ስፋት ሩብ ነው። ሁለት ሺህ አራት መቶን ለአራት አካፈለች፤ ስድስት መቶ። ያው ውሃ ነበር፤ ሰፊ ግቢ ውስጥ ያለ ሕዝብ በጠባብ በር ሲወጣ እንደሚጋፋ፣ በጠባቡ ቧንቧ ተጋፍቶና ተጣድፎ ያልፋል እንጂ የጎደለም የተጨመረም የለም። አሁንም ዳግመኛ ሠራችው። ከዚያ ቁምሳጥኑን ተደገፈች።

ኃላፊው ለልጁ ወደ ሥራው እንዲመለስ በእጁ አመለከተው። ልጁ ግን ከቆመበት አልነቃነቅም አለ።

«እትዬ» አላት፣ «ጌጁን ሁለት ጊዜ አየሽው። እኔን አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

አንድ ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት ይቅርታ መስሎኝ ነበር። እሱም የመሰለው ይመስለኛል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቃት። እሷ ግን ዓይኗ ግንባሩ ላይ ወዳለው ፀጉር ሄደ።

«ታዲያ ማታ ማታ ፀጉርህ የሚረጥበው ለምንድን ነው?»

እጁን ኪሱ ከተተና የጓሮዋን ክፍል ቁልፍ አወጣ። በትንሹ ቧንቧ አፍ ውስጥ ጣለው፤ ብረት በብረት ላይ አቃጨለ። ማንንም ሳይሰናበት ወጣ፤ በሩንም አልዘጋውም።