ስሜነሽ ለራሷ ያለቀሰች ዕለት

የብልባላዋ ስሜነሽ አልቃሽ ናት። አልቃሽ ሲባል ታዲያ እንደኛ ሽንኩርት ሲላጥ የምታለቅስ አይደለችም። ሙሾ አውራጅ ናት፤ ድምፅዋ ሦስት ሸንተረር ይሻገራል፣ ሟቹን ጨርሶ የማያውቅ መንገደኛ እንኳ አህያውን አቁሞ ደረቱን ይደቃል። በላስታ ምድር ካሴት ያላሳተመች ዝነኛ ብትኖር እሷ ነበረች።

ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች፤ አገሩ ግን ነገሩን ገለበጠና “እሷ ስትመጣ ሞት ይከተላታል” አለ። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ያማትባል። ሦስት ዓመት አልጋ ይዘው የኖሩ አንድ ሽማግሌ “ስሜነሽ ልትጠይቅዎት ነው” ቢባሉ፣ ተነሥተው በጓሮ አጥር ዘለሉ፤ ዛሬም ሁለት በሬ ጠምደው ያርሳሉ። እንደዚያ ከሆነማ ከጤና ጣቢያው ይልቅ ብዙ በሽተኛ ያዳነች እሷ ናት።

ለእሷ ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ልጇ ገለቴ ላሊበላ ከተማ ተድራ ወንድ ልጅ ከወለደች ዓመት አልፏታል። የገለቴ አማት አቶ አረጋ “ደጄን እንዳትረግጥ” ስላሉ፣ ስሜነሽ የልጅ ልጇን ኪዳንን አንድ ቀን እንኳ አላየችውም።

በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ የሚሊኒየሙ ድግስ አገር ምድሩን ሲያምስ፣ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ፤ ካሜራ የያዘው የአብስራና ድምፅ መቅጃ የተሸከመው ምናለ። ስሜነሽ ወልድያ በበዓሉ መድረክ ላይ ልታንጎራጉር፣ እነሱ ደግሞ ልምምዷን በፊልም ሊቀርጹ ነው።

“ሰው በከንቱ እንደሚፈራዎት እናሳያለን፣ እማማ” አላት የአብስራ።

“አረጋም ያየዋል?”

“አገር ያየዋል እንጂ!”

ለዚህ ብላ እሺ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ በደጇ ሲያልፍ፣ ካሜራው ግቢዋ ውስጥ ተተከለ።

“በሉ እማማ፣ ለልምምድ አንዴ ያልቅሱ።”

“ለማን?”

“ለማንም። ልምምድ ነው።”

“ለቅሶ ምን ልምምድ አለው ልጄ? ስም ይጠራል። ያልሞተ ሰው ስም ጠርቼ ነገ ቢሞትስ? ይኸው፣ ያልነው ሆነ ሊሉኝ?”

የአብስራ ዞር አለ። “ምናለ፣ ጋቢ ተከናነብና ተጋደም። ላንተ ታልቅስ።”

“እኔ? ለእናቴ አንድ ነኝ!” ምናለ ማይኩን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ያዘ።

ስሜነሽ አሰበች። ቢሞት ማንም የማይደነግጥለት አንድ ሰው ታውቃለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች።

“ስሜነሽ ስሜነሽ፣ የሰው ሁሉ አልቃሽ፤
ላንቺ ማን አለልሽ፣ አንዲት እንባ አፍሳሽ።”

ምናለ መቅጃውን በእንባ አራሰው። የኪዳን ስም ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው። የሕፃን ስም ሙሾ ውስጥ አይገባም።

“ግሩም! ይድገሙት!” አለ የአብስራ። አሥራ አንድ ጊዜ ደገመችው።

ገበያተኛው ለማን እንደሚለቀስ ሰማ። ወደ ላሊበላ የሚወርድ አይሱዙ ወሬውን ጭኖ ሄደ፤ ስሜነሽ ሞተች። ‘ታዲያ ይህን ድምፅ ማን እያወጣው ነው?’ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከሰዓት በኋላ ያው አይሱዙ ተመልሶ ደጇ ቆመ። ገለቴ ኪዳንን አዝላ “እናቴን!” እያለች ወረደች፤ ከኋላዋ አቶ አረጋ። እናቷ ከእንግዶቿ ጋር ዳቦ ትቆርሳለች።

ገለቴ የእናቷን ፊት በሁለት እጇ ዳሰሰችው። “አለሽ? አለሽ እንዴ እማ?” ከዚያ ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። “በቁምሽ ገደልሽኝ!”

ስሜነሽ የምታየው ከአንቀልባው ሾልኮ የወጣውን ትንሽ እጅ ብቻ ነበር።

“ሙት ሞትን አይጠራም ብዬ ነው ልጁ እንዲመጣ የፈቀድሁት” አሉ አቶ አረጋ። “በሕይወት ካለች እንመለስ፤ መኪናው አልሄደም።”

“አቶ አረጋ፣ በቅዱስ ላሊበላ! አንዴ ልቀፈው።”

“በዚህ አፍሽ ስሙን ልትጠሪ?”

“አልጠራውም።”

“እንግዲያ ዳግመኛ ለማንም አላለቅስም ብለሽ ማይ።”

“እንዳይምሉ!” ጮኸ የአብስራ። “ሞት እጠራለሁ ብሎ ማመን እኮ ነው! ወልድያስ? ፊልሙስ?”

ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ማለች።

ገለቴ አንቀልባውን ፈታች። ኪዳን ካሰበችው በላይ ይከብዳል። የማያውቀውን ፊት ቀና ብሎ አየና እሪታውን ለቀቀው።

“እሹሩሩ በይው እንጂ፣ እማ!”

ስሜነሽ አፏን ከፈተች። አቶ አረጋ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ዝም ብላ ወዘወዘችው፤ እሱ ግን ለቅሶውን አላቆመም፤ የመኪናው ጡሩምባ ሲጮህ ገለቴ ተቀበለቻት።

አይሱዙው ተነሥቶ እስኪርቅ እሪታው አልተቋረጠም። ምናለ ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አነሣ።

“እማማ፣ ሰምተውታል? ይህ ልጅ እኮ ሦስት ሸንተረር…”

ስሜነሽ ዘልላ አፉን በመዳፏ ከደነችው።

“ዝም በል! አረጋ እንዳይሰማ።”